በተሳሳተ ወገን የወደቀው ጥላ

ሽማግሌው ሞቶ ወደተገኘበት ክፍል የገባ ሰው ሁሉ መጀመሪያ ያየው ሥዕሉን ነበር፤ ሬሳውን ያየው ቀጥሎ ነው። ይህ ለሟች ክብር አለመሆኑ ግልጽ ነው። ነገር ግን ሥዕሉ ዓይን ይይዝ ነበር። በውሃ ቀለም የተሠራ፣ ከጠረጴዛው ላይ ባለ ሰሌዳ ላይ የተለጠፈ ሰፊ ወረቀት ነው። ግንብ ነው እንዳይባል በር የለውም፤ ሰማይ ነው እንዳይባል ማዕዘን አለው። ቅስት የመሰለ ነገር፣ ሦስት ደረጃ የመሰለ ነገር፣ ገርጣ ያለ ቢጫ፣ ከዚያም በላዩ ጥቁር ሰማያዊ ጥላዎች። ሥዕሉን ያዩት ፖሊሶች አንገታቸውን ወደ ጎን ዘንበል አድርገው ሲያዩት ቆዩና ተስፋ ቆርጠው ወደ ሬሳው ተመለሱ።

ሟቹ በዕድሜው ሁሉ ሕንፃ ሲነድፍ የኖረ አርክቴክት ነበር። ጡረታ ከወጣ ወዲህ ንድፉን ትቶ እነዚህን ሥዕሎች ይሠራል። አሁን ከረጅሙ መስኮት ሥር በጀርባው ተንጋሏል፤ አጠገቡ መሰላል ቆሟል፤ የጠረጴዛው የብረት ጠርዝ ላይ ደም አለ።

መርማሪዋ የመጣችው ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ነው። ቀጭን ሴት ናት፤ ሳትወጋው የምታልፈው ስፌት ስለሌለ ባልደረቦቿ ከኋላዋ «ወይዘሮ መርፌ» ይሏታል። ከፊቷ ግን ማንም አይደፍርም።

«አደጋ ነው ኢንስፔክተር» አለ በር ላይ የነበረው ፖሊስ። «መጋረጃውን ሊከፍት መሰላል ላይ ወጣ፣ ተንሸራተተ፣ ጠረጴዛው አገኘው። አለቀ።»

እሷ መጋረጃውን ቀና ብላ አየች። ከላይ ካለው ዘንግ ጀምሮ እስከ ሰው ወገብ የሚደርስ ገመድ ተንጠልጥሏል፤ ጫፉ ከእጅ ብዛት ጠቁሯል። በአንድ ጣቷ ሳብ ብታደርገው መጋረጃው ሸርተት ብሎ ተከፈተ።

«ታዲያ ይሄን ለጌጥ ነው ያንጠለጠለው?»

ፖሊሱ ገመዱን ገና አሁን አየው።

ወደ ጠረጴዛው ዞረች። ብሩሾቹ በፎጣ ላይ፣ እንደተኙ ሕፃናት ጎን ለጎን ተጋድመዋል። አንዱ ግን፣ ወፍራሙ፣ ጸጉሩ ወደ ታች ሆኖ ውሃ በሞላ ብርጭቆ ውስጥ ቆሟል፤ ጫፉ ከብርጭቆው ሥር ተጣምሟል። ቀጥላ ሥዕሉ ላይ ጎንበስ አለች። በስተቀኝ ታች ጥቁር ጥላ ወድቆበታል፤ ከጥላው ሥር ግን ቢጫው ያልነካው፣ ጠርዙ ጥርት ያለ ጋደል ያለ አራት ማዕዘን ይታያል። አንድ ሰው ይህን ቦታ ተጠንቅቆ ነጭ አድርጎ ትቶታል፤ ከዚያ በላዩ ጥላ ተደፍቶበታል። መርማሪዋን ይህ ደስ አላላትም። በሩ አጠገብ ያሉት የሟቹ ጫማዎች ደግሞ የሲሚንቶ አቧራ ለብሰዋል።

ልጁ ደረጃው ላይ ተቀምጣ ነበር። መድኃኒት ቤት ነው የምትሠራው፤ ነጩን ጋዋኗን እንኳ አላወለቀችም።

«አንቺ ነሽ ያገኘሽው?»

«እኔ ነኝ። ይቅርታ ልለው ነበር የመጣሁት።»

«ለምኑ?»

«ለምሳ ሰዓት መጥቼ ተጣልተን ነበር። ራሱን ያዞረዋል፣ መሰላል መውጣት ከተወ ቆየ፣ ገመዱን ያሠርኩለትም እኔ ነኝ። ብቻውን እዚህ ፎቅ ላይ ሆኖ አንድ ቀን ይወድቃል እያልኩ እንቅልፍ የለኝም። ቤቴ ውስጥ ክፍል አዘጋጅቼለታለሁ። ና ስለው ዝም አለኝ። ዝምታው አናደደኝ።»

«ከዚያስ?»

ልጅቷ የጋዋኗን ጠርዝ ጠቀለለችው፣ ፈታችው። «'ግድግዳህን አቅፈህ ሙት' አልኩት። በሩን ወርውሬው ወጣሁ። ቃሌ ነው የገደለው ኢንስፔክተር።»

«ቃል መሰላል አያቆምም» አለች መርማሪዋ። «ሥዕሉን አይተሽው ነበር?»

«ስገባ በጨርቅ ሸፈነው። ያላለቀ ሥራ ለማንም አያሳይም፤ ለእናቴም አያሳይ ነበር።»

መርማሪዋ ከቦርሳዋ ወረቀት አወጣችና በእርሳስ ሣጥን ሳለችበት። «ለዚህ ጥላ አድርጊለት።» ልጅቷ እንደ እብድ አየቻት፤ ከዚያ የሣጥኑን ዙሪያ ሁሉ አጠቆረችው።

የሟቹ እህት ምድር ቤት ነው የምትኖረው፤ ልብስ ሰፊ ናት፤ ሰፈሩ ሁሉ እትዬ ይላታል። ዓይኗ አብጧል፤ አፏ ግን ለሐዘንም አልተዘጋም።

«የኔ እህት፣ ወንድሜ ከሰው ይልቅ ከግድግዳ ጋር የሚያወራ ሰው ነበር። ግድግዳ አፍ አይመልስማ! ጠዋት ሻይ ሳደርስለት ሥዕሉ ገና እንዲህ ገርጣ ያለ፣ ቢጫ ውሃ የተደፋበት ነበር። ጨርቁን ሊያለብስ ሲሮጥ አየሁበት። አሁን ያ ሁሉ ጥላ ሲሠራበት ውሏል ማለት ነው ምስኪኑ።»

«ከልጁ በኋላ ማን መጣ?»

«ማስመሪያ ነዋ። የድሮ ሸሪኩ። መስመሩ ቀጥ ያለ ስለሆነ ወንድሜ ያወጣለት ስም ነው። አንድ ኮት ገበር አልብሼ እስክጨርስ ቆይቶ ወረደ። 'እትዬ፣ ሥራ ይዟል፣ እንዳትረብሹት ብሏል' አለኝ። እኔም አልወጣሁም። ብወጣ ኖሮ...» አቋረጠች፤ መቀሷን አነሳች፣ መልሳ አስቀመጠችው።

«ድምፅ አልሰሙም?»

«የስፌት መኪናዬ ከተነሳ መድፍ ቢተኮስ አልሰማም።»

«ወንድምዎ ሰሞኑን ምን ነበራቸው?»

«ትናንት ያንን አዲስ ቤተ መጻሕፍት ሊያይ ሄዶ አቧራ ለብሶ ተመለሰ። የነደፉት ሁለቱ አብረው ነው፤ አሁን የሚያስገነባው ግን ማስመሪያ ብቻውን ነው። ራት አቅርቤለት አልነካውም። 'ልጆች ይገቡበታል እኮ' እያለ ብቻውን ያጉረመርም ነበር። አሞት መስሎኝ።»

ለሣጥኑ ጥላ እንድታደርግ ስትጠየቅ እትዬ ከሥሩ እንደ ጨርቅ ዘርፍ ያለ ነገር አንጠለጠለችለትና «ቆንጆ ሆነ አይደል?» አለች።

በማግሥቱ ጠዋት አለቃዋ ደወለ። ሐኪሙ ሽማግሌው ከቀትር እስከ ፀሐይ መግቢያ ባለው ጊዜ ሞቷል ከማለት በቀር ሊያጠብበው አልቻለም። ሥዕሉ ግን ጠዋት ገርጣ፣ ማታ በጥላ የተሞላ ነው፤ ስለዚህ ሰውዬው ከሰዓት በኋላ በሙሉ በሕይወት ነበር። ማታ ወደ ክፍሉ የገባችው ደግሞ ልጁ ብቻ ናት። ሙት ብላውም ወጥታለች።

«ዛሬውኑ አምጫት» አለ አለቃው።

«እስከ ማታ ይታገሱኝ።»

«ምን አለሽ?»

«አንድ በጣም የሚያናድደኝ ብሩሽ አለኝ» ብላ ዘጋችው።

የሽማግሌው ተማሪ ሥዕል የሚያስተምር መምህር ነው፤ ጎረቤትም ነው። ከልጅነቱ ጀምሮ «ቀለሜ» የሚሉት ለትምህርት በነበረው ፍቅር ሲሆን፣ እጁ ላይ ቀለም የማይጠፋው ከዚያ ወዲህ ነው። ያገኘችው በትምህርት ቤቱ ባዶ ክፍል ውስጥ ነው።

«ትናንት ከሰዓት የት ነበሩ?»

«እዚሁ፣ ሲያስተምሩኝ... ማለቴ ሳስተምር። ይቅርታ፣ ከትናንት ማታ ጀምሮ አእምሮዬ የለም። ጋሼ እንደ አባቴ ነበሩ።»

«ተቆጥተውዎት ያውቃሉ?»

«መቼ ያልተቆጡኝ! የጀመርኩ ሰሞን ብሩሽ ውሃ ውስጥ አቁሜ ሄድኩ። 'ሰውን በራሱ ዘቅዝቀህ ታቆማለህ?' ብለው አንድ ሳምንት አላናገሩኝም። ጸጉሩ ይጣመማላ። ከዚያ ወዲህ በሕልሜም አላቆምም።»

«ነጩን ቀለምስ የት ያስቀምጡ ነበር?»

ቀለሜ ከልቡ ደነገጠ። «ነጭ ቀለም? ኧረ እሳቸው ዘንድ ነጭ ቀለም የለም። በውሃ ቀለም ብርሃን አይቀባም፤ ይተዋል። ብርሃኑ ወረቀቱ ራሱ ነው። መጀመሪያ የት እንደሚተዉ ወስነው ነው ብሩሽ የሚያነሱት። አንዴ ከተሸፈነ አለቀ።»

«እና የተዉት ብርሃን ላይ ጥላ ይደፉ ነበር?»

«ኢንስፔክተር፣ እጃቸውን ቢቆርጡ ይመርጣሉ።»

ሣጥኑን ሰጠችው። ቀለሜ እርሳሱን ይዞ ቀና አለ፤ በስተቀኙ ያለውን መስኮት አየ፤ ወደ ግራ የሚወድቅ ጥላ አደረገለት። ጥሩ ጥላ ነበር።

ማስመሪያ የተባለው ሰው ቢሮ ለጥ ያለ ነው። በስተቀኙ መስኮት፣ በስተግራው የቤተ መጻሕፍቱ ንድፍ ግድግዳ ላይ። ራሱም እንደ ቢሮው ነው፤ ክራቫቱ እንኳ የተለካ ይመስላል።

«ሠላሳ ዓመት አብረን ሠራን» አለ። ድምፁ ሰከን ያለ ነው፤ ዓይኑ ግን እንቅልፍ አላየም። «የሄድኩት የምስጋና ግብዣ ልናደርግለት አስበን ስለነበር ለመምከር ነው። ደህና ነበር። ስወጣ ሥራ ሊጀምር ነበር።»

«ሥዕሉን አዩት?»

«አላየሁትም። በጨርቅ ሸፍኖት ነበር። ጠባዩ ነው።»

«ከዚያስ?»

«ቀጥታ ወደ ስብሰባ። እስኪመሽ ከሰው መሃል አልወጣሁም፤ መጠየቅ ይችላሉ።»

«እጠይቃለሁ። አይሰልችዎትና ለዚህ ሣጥን ጥላ ያድርጉለት።»

ፈገግ አለ። «ምርመራው ሥዕል ሆነ?» እያለ፣ ዓይኑን ሳያነሳ፣ ከሣጥኑ በስተቀኝ ታች ጥርት ያለ ጥላ በሦስት ጭረት አሰመረ። እጁ ብቻውን ነበር የሠራው። መርማሪዋ መስኮቱን አየች፣ ወረቀቱን አየች፣ አመስግናው ወጣች።

ፀሐይ ወደ መግባቷ ስታዘነብል መርማሪዋ ልጅቷ ቤት ደረሰች። ልጅቷ በሩን የከፈተችው ሊወስዷት የመጡ መስሏት ነው፤ ጫማዋን አጥልቃ ነበር።

«ለአባትሽ ያዘጋጀሽውን ክፍል አሳዪኝ።»

ክፍሉ ባዶ ነው ማለት ይቻላል፤ አዲስ ወንበርና አልጋ ብቻ። ግድግዳው ውስጥ ቅስት ያለው መደርደሪያ ተፈልፍሏል። ከበሩ ወደ ታች ሦስት ደረጃ ይወረዳል። መስኮቱ በስተቀኝ ነው። የማታዋ ፀሐይ በእሱ ገብታ ወለሉ ላይ ጋደል ያለ አራት ማዕዘን ብርሃን አንጥፋለች። መርማሪዋ ሦስተኛው ደረጃ ላይ ቆማ ቀረች።

«አባትሽ እዚህ መጥተው ያውቃሉ?»

«አንዴ። እንዲህ ወደ ማታ። አሁን እርስዎ የቆሙበት ቦታ ቆሞ ወለሉን ሲያይ ቆየና ምንም ሳይለኝ ሄደ። ያልወደደው መስሎኝ...»

«ነገ ጠዋት አባትሽ ክፍል እንድትመጪ» አለች መርማሪዋ። «ጫማሽንም አውልቂ፤ ዛሬ የትም አትሄጂም።»

በማግሥቱ አራቱ ሥዕሉ ባለበት ጠረጴዛ ዙሪያ ቆሙ፤ እትዬ ብቻ ወንበር ተሰጣት። ሁለት ፖሊሶች በሩ ላይ ናቸው። ልጅቷ ሬሳው የነበረበትን ቦታ ላለማየት ዓይኗን ጣሪያው ላይ ሰክታለች።

«መሰላል መውጣት የተወ ሰው፣ ከታች የሚስበው ገመድ እያለው፣ መጋረጃ ሊከፍት መሰላል አይወጣም» ብላ ጀመረች መርማሪዋ። «መሰላሉን ያቆመው ሌላ ሰው ነው። ስለ ገመዱ የማያውቅ፣ ወይም በድንጋጤ ያላየው። ስለዚህ ሽማግሌው አልወደቁም፤ ተገፍተዋል።»

እትዬ አፏን በእጇ ያዘች።

«ቀጥሎ ብሩሹ። እኚህ ሰው ብሩሽ ውሃ ውስጥ ላቆመ ተማሪ አንድ ሳምንት ፊታቸውን የነሱ ናቸው። እዚህ ጠረጴዛ ላይ ግን ወፍራሙ ብሩሽ በራሱ ተዘቅዝቆ አገኘሁት። በመጨረሻ የሳለው እሳቸው አይደሉም ማለት ነው። ገዳዩ ነው።»

«ሰው ገድሎ ሥዕል ይስላል?» አለች እትዬ።

«ጊዜ ነው የሳለው፣ እትዬ። እርስዎ ጠዋት ገርጣ ሥዕል አይተዋል። ማታ በጥላ የተሞላ ሆኖ ከተገኘ፣ ሽማግሌው ከሰዓት በኋላ በሕይወት ሲሠሩ የዋሉ ይመስላል። ይህ ማንን ይጠቅማል? ከሰዓት በኋላ ከሰው መሃል የነበረውን። ማታ ብቻዋን የመጣችውን ልጅ አይጠቅማትም፤ አንገቷን ገመድ ውስጥ ነው የሚያስገባባት። ስለዚህ እሷ አይደለችም።»

ልጅቷ ዓይኗን ከጣሪያው አወረደች።

«ከሰዓት ከሰው ጋር የነበሩት ሁለት ናቸው» አለች መርማሪዋ። ቀለሜ ገረጣ፤ ማስመሪያ ክራቫቱን ነካ። እሷ አራቱን ወረቀቶች ሥዕሉ አጠገብ ዘረጋቻቸው። «ይሄ የልጅቷ ነው፤ ዙሪያውን አጥቁራዋለች፣ እንደ ልቧ። ይሄ የእትዬ ነው፤ ዘርፍ አለው። ይሄ የቀለሜ ነው፤ መጀመሪያ መስኮቱን አየ፣ ከዚያ ጥላውን ወደ ግራ ጣለ። ከጋሼው የተማረው እንዲህ ነው፤ ብርሃን ከየት እንደሚመጣ ሳታይ ጥላ አትጥል። ይሄኛው ደግሞ መስኮቱ በስተቀኙ እያለ፣ ቀና ሳይል፣ ጥላውንም ወደዚያው ወደ ቀኝ ታች ጣለው።»

«የሙያ ደንብ ነው» አለ ማስመሪያ ቀዝቀዝ ብሎ። «በአርክቴክት ንድፍ ውስጥ ብርሃን ሁልጊዜ ከግራ ከላይ ነው የሚመጣው። ተማሪ ሁሉ ያውቀዋል።»

«አዎ። እሳቸውም በሥራ ዘመናቸው እንዲያ ነበር የሚነድፉት፤ ሥዕል ሲጀምሩ ግን ትተውታል። እርስዎ ግን ሠላሳ ዓመት ያሰለጠኑትን እጅ በድንጋጤ ሰዓት ማዘዝ አልቻሉም። እዚህ ሥዕል ላይ ያለው ጥላ ሁሉ ወደ ቀኝ ታች ነው የወደቀው።»

«ይሄ ማስረጃ ነው? ብርሃኑ ከግራ እንዲሆን እሱ ፈልጎ ቢሆንስ?»

«ሊፈልጉ አይችሉም። ይሄ ሥዕል በእውን ያለ ክፍል ነው።» ጣቷን ወረቀቱ ላይ አንቀሳቀሰች። «ይሄ ቅስት መደርደሪያ ነው። እነዚህ ሦስት ደረጃዎች ናቸው። መስኮቱ በስተቀኝ ነው፤ የማታ ፀሐይ በእሱ ገብታ ወለሉ ላይ የምታነጥፈው ብርሃን ይሄ ነጭ ሆኖ የተተወው ቦታ ነው። እርስዎ ጥላ የደፉበት።»

«የምን መስኮት?» ማስመሪያ ጮኸ። «መስኮት አልነበረበትም! የእርሳስ ንድፉ ላይ ቅስትና መስመር ብቻ ነበር፤ ዝም ብሎ ቅርጽ! አንድም መስኮት...»

ያሉት ሁሉ ወደ እሱ ዞሩ። የተናገረውን ራሱም ሰማው።

«በጨርቅ ተሸፍኖ ነበር፤ አላየሁትም ብለውኝ ነበር» አለች መርማሪዋ በዝግታ። «አሁን የእርሳሱ ንድፍ ከጥላው ሥር ነው፤ ለማንም አይታይም። መስኮቱን ያልሳሉት ከወረቀቱ ውጭ ስለሆነ ነው። እሳቸው የሳሉት ብርሃኑን ነው።»

ማስመሪያ ጠረጴዛውን ተደገፈ፤ የብረቱን ጠርዝ ሲነካ እጁን መለስ አደረገ።

«ሁለት ምሰሶ ነው» አለ። አሁን ድምፁ የሌላ ሰው ይመስላል። «አዳራሹ ሰፋ እንዲል ሁለት ምሰሶ ብቻ ነው ያወጣሁት። ስንጥቁን አየው። ነገ ሄጄ ሕንፃው እንዲዘጋ አመለክታለሁ አለኝ። ለመንኩት። ስሙም አብሮ እንደሚጠፋ ነገርኩት። 'ስሜ ይጥፋ፣ ልጆች ይገቡበታል' አለ። ገፋሁት... እንዲሞት አልነበረም። እግዜር ያውቃል፣ እንዲሞት አልነበረም።»

«ሊሆን ይችላል» አለች። «ከዚያ በኋላ ግን ተቀምጠው ጥላ ቀቡ። የወደቀውም ልጃቸው ላይ ነው።»

ፖሊሶቹ ሲወስዱት እትዬ ወንድሟ ያወጣለትን ስም ጠርታ ልትሳደብ አፏን ከፈተች፤ አልወጣላትም፤ አለቀሰች። ልጅቷ ግን ከሥዕሉ ንቅንቅ አላለችም።

«የኔ ክፍል ነው?» አለች።

«ያንቺው ነው።»

«እና ያን ሁሉ ስለው...»

«ሰምተውሻል። መልሱን ጨርሰው ሊሰጡሽ ሸፍነውት ነበር። ሊመጡ ነበር።»

ልጅቷ ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ እንደ ሕፃን አለቀሰች፤ መርማሪዋም ልትጽፍ ያወጣችውን እስክሪብቶ ኪሷ መልሳ አጠገቧ ተቀመጠች።

ቤተ መጻሕፍቱ በዚያው ዕለት ተዘጋ። ሥዕሉ ግን ለማስረጃ ተይዞ ቆይቶ ከፍርድ ቤት የወጣው ፍርዱ ካለቀ በኋላ ነው። ልጅቷ ወደ ቤቷ ወስዳ ከቅስቱ መደርደሪያ ፊት አስደገፈችው። ቀለሜ ሁለት ብርጭቆ ንጹሕ ውሃና አንድ ለስላሳ ብሩሽ ይዞ መጣ።

«ሙሉ በሙሉ ነጭ አይሆንም» አላት። «የተሸፈነ ወረቀት እንደ ድሮው አይመለስም።»

«አይሁን።»

ጥላውን በውሃ እያራሰ፣ በጨርቅ እየነካ፣ ቀስ በቀስ አነሳው። ውሃው ሰማያዊ ሆነ። ከሥሩ ጋደል ያለው አራት ማዕዘን ብቅ አለ፤ ትንሽ እንደ ጭጋግ የቀረበት፣ ግን ብርሃን ነው። ያን ጊዜ ፀሐይዋ በቀኙ መስኮት ገባች፤ ወለሉ ላይ ያለውና ወረቀቱ ላይ ያለው አንድ ሆኑ።

ልጅቷ ለእሱ የገዛችውን ወንበር ጎትታ ብርሃኑ መሃል አስቀመጠችው።

«መጥተህ ነበር ለካ፣ አባዬ» አለች።

ቀለሜ እንዳልሰማ ሰው ብሩሹን አጥቦ ፎጣው ላይ አጋደመው።